ውሃው ከጓሮ ሲሸሽ

ጋሼ ደረሰ፣

ከሐሙሲት ገበያ ስትመለስ ቤቱን ባዶ ብታገኘው አትደንግጥ። እህታችንን ገላነሽን ወደ ጣራ ገዳም ጠበል ይዣት ሄጃለሁ። ሰሞኑን ስታነክስ እሾህ ወግቷት ነው ስንል፣ ዛሬ ጠዋት ልትነሳ ብላ ጉልበቷ ከዳት። ጎረቤቶች ቃሬዛውን ይዘው ደጅ ቆመውብኛል።

የሐይቁ ውሃ ከጓሮ ሸሽቷል። ጭቃው ሳይሰነጠቅ ሽምብራውን ዝራ። ከፍ ባለው በኩል ጎመንና ነጭ ሽንኩርት አድርግ፣ ዳር ዳሩን ፌጦ። ገላነሽ ተኝታ፣ «ጎመኑን ዶሮ እንዳይጭርበት ለጋሼ ጻፍለት» ትለኛለች።

የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ጠየቅሁት። እግር የሚሰብረው የጓያው እንፋሎት አይደለም፣ መብላቱ ነው አለኝ። እኛ ጓያው ሲቀቀል እሷን ከቤት እያስወጣን ጠበቅናት ስንል፣ ክረምቱን ሙሉ የጓያውን ቂጣ ያበላነው እሷን ነው። «ጤፉ ለሚያርስ ሰው ይሁን» ያልኸው አንተ ነህ።
እኔም የጤፉን እንጀራ በላሁ።
እሷ አንድ ቀን እንኳ «ለእኔስ?» አላለችም።

የጓያውን ዘር እሳት ውስጥ ልጨምረው አንስቼ ነበር፤ አልጨከንሁም። ውሃው ተመልሶ አዝመራውን ቢወስደው እሱን የሚተካ የለንም። በቅል አድርጌ ምሰሶው ላይ ሰቅዬዋለሁ።

መዝራት አለመዝራቱን አንተ ታውቃለህ።
ከዘራኸው ግን፣ ዘንድሮ ቂጣውን የምንበላው እኔና አንተ ነን።

አንለይ