የጋሼ ላብ

ጥቅምት 4
ላውንደሪው ዛሬም እንደ ምድጃ ነድዶ ዋለ። ጋሼ ካውያው ላይ፣ እኔ ልብስ መቀበያው ላይ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ትንሽ እረፍ ብለው፣ በነጻ እየታጠብኩ ነው ይለኛል። ሁለታችንም ስኳር አለብን፤ እሱን ያየ ግን ጤነኛ ነው የሚለው። መቼም ወንድሜ...

ጥቅምት 11
የደም ምርመራዬ ውጤት ደረሰ። በዘር የሚመጣ ነገር አለብኝ። ዶክተሯ እንዳለችው ከስኳር ጋር ሲገናኝ ልብን ቶሎ ይጎዳል። አባታችን እንደተኛ የቀረው በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ሳይሰቃይ ሄደ እያልን የምንጽናናበት ሞት...
ወንድሜም በቶሎ ይመርመር አለች። ስኳር ያለበት ሰው ልቡ ሲታመም ሕመሙ ላይሰማው ይችላል። ድካም ብቻ... ላብ ብቻ...
ላብ ስትል የጋሼ ሸሚዝ ታየኝ። ካውያ ላይ የሚውል ሰው ሲያልበው ማን ይጠረጥራል?

ጥቅምት 12
ነገርኩት። ሳቀብኝ። ልጁ ሚጡም ስኳር እንዳለባት ሳነሳበት ግን ሳቁን ዋጠው።
"እሺ፣ ማክሰኞ እንሄዳለን። መጀመሪያ የሆቴሉን አንሶላ ተኩሼ ላስረክብ።"

ጥቅምት 14
ጋሼ የለም።
ደከመኝ ብሎ ካውያው አጠገብ ቁጭ አለ። ውሃ አምጪልኝ አለ። ይዤ ስመለስ... አልችልም። መጻፍ አልችልም።

ጥቅምት 20
ለቅሶ የመጣው ሁሉ ያው ነገር፦ ሳይሰቃይ ሄደ፣ ታደለ። ምኑ ነው የታደለው? ሲያልበው እያየን፣ ስንስቅ...
ማታ ሚጡ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እኔስ አክስቴ? አለችኝ።

ኅዳር 2
ሚጡን ይዣት ሄድኩ። ደሟን ሲወስዱ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። አፍንጫዋ፣ ቅንድቧ... ቁርጥ ጋሼ። ማየት አቃተኝ።

ኅዳር 23
የሚጡ ውጤት ወጣ። የለባትም! ከአባቷ አልተላለፈባትም። ስኳሯን ትጠብቅ እንጂ ይሄኛው አያሰጋትም አለች ዶክተሯ። ተመስገን አልኩ። ወዲያው ለጋሼ ልደውል ስልኬን አወጣሁ... ምን ነካኝ?
ኮሪደሩ ላይ ሚጡ ወንበር ይዛ አለቀሰች። የደስታ መስሎኝ ነበር።
"አክስቴ... ይሄን በሽታውን እንኳ ሳይተውልኝ ሄደ?"
እኔ ጋ አለ፣ እኔ ጋ አለ እያልኩ አቀፍኳት።