አባትሽ የተመለሰበት መስኮት

ለልጄ ለየምስራች፦ እመቤቴ በሰው አገር ጥላ ከለላ ትሁንሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ አላባራ ብሎ የያዮ መንገድ ጭቃ ሆኗል፤ ቡናውም ገና አልገባም።

«ልብሽን ታዪ» ብለሽ በላክሽው ብር ክሊኒክ ሄድኩ። አምና አባትሽ ልቤ ድው ድው ይላል ሲለኝ የወሰድኩት እዚያው ነበር። ኢሲጂ የሚሉት የልብ ምርመራ አምስት መቶ ብር ነው ሲሉት «ለዚህስ ደህና ነኝ» ብሎ ከመክፈያው መስኮት ተመለሰ። ወር ሳይሞላው ቀበርነው።

አሁን ገንዘብ ተቀባይዋ «የታካሚ ስም?» ስትለኝ አፌ «ዲበኩሉ» ብሎ የአባትሽን ስም ጠራ። ለሌላ ሰው የምከፍል መስሏት ጻፈች። ተቀምጬ ስጠብቅ ነርሷ ወጥታ «አቶ ዲበኩሉ!» ብላ ተጣራች። ልጄ፣ ይመጣል ብዬ ዞሬ በሩን አየሁ። ማንም ሳይመጣ ሲቀር እኔ ተነስቼ ገባሁ።

ሐኪሙ ልብሽ ጤነኛ ነው አለኝ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም እናርመው ቢሉኝ ተቆጣሁ። «ተዉት፣ ተከፍሎለታል» አልኳቸው።

ከእሱ የተቀነሰውን ዕድሜ ላንቺ ይጨምርልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ያንቺም ልብ የአባትሽ ነውና እዚያው ባለሽበት አገር ታዪ። ስንትም ቢሉሽ ከመስኮቱ እንዳትመለሺ።

እናትሽ ጥሩአየሁ፣ ከመቱ