ጭንቅላቱ ከረሳ እጆቹ ይከሰሱልኝ

ለተከበሩ የችሎቱ ሰብሳቢ ዳኛ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቶኛል፤ ቢሆንም እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ያለ መነጽር በመርፌ ቀዳዳ ክር አስገባለሁ፣ የፍርድ ቤትዎንም ደረጃ ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ስለሆነ ግድፈት ቢያገኙብኝ ይለፉልኝ፤ ትልልቁንም ሲያልፉ አይቻለሁና።

እኛ የያኔ እስረኞቹ «ቋጠሮ» የምንለውን የቀድሞ መርማሪ፣ አርጅቷል፣ አእምሮውንም ስቷል ብለው ባለፈው ሳምንት ወደ ቤቱ ስለሸኙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዬ ግን ይህ ነው።

1ኛ. ሐኪሙ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ቢሉት «የእናቴ ሰርግ» አለና ነጻ ወጣ። እኛም እሱ ሲጠይቀን አናውቅም ብለን ነበር፤ እውነትም አናውቅም ነበር። ለእኛ የመጣልን ግን ሐኪም ሳይሆን ገመድ ነው።

2ኛ. ባለቤቴን የፊጥኝ አስሮ ከጣሪያው አንጠለጠላት። ሁለቱ ትከሻዎቿ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲሉ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ እጇ ከደረቷ በላይ አልወጣም፤ ጸጉሯን እስክትሞት ያበጠርኩላት እኔ ነኝ። ለችሎቱ ቀን ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ የሄደችው ወደ መቃብሯ ነው። ቀጠሮውን ደጋግመው በማራዘም ስላላጣደፏት እግዜር ይስጥልኝ።

3ኛ. ውሳኔውን ካነበቡ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ከፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር። ሴት ልጁ ታክሲ ልትጠራ ስትወጣ ጃንጥላዋን አጠገቡ ትታ ሄደች። ያ ቀኑን የማያውቅ ሰው የካፖርቱን መቀነት ፈታ፤ ጃንጥላውን በጉልበቱ ተጭኖ፣ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ፣ ሁለት ዙር ጠምጥሞ ጥርቅም አደረገው። ጉልበቱ ያው ጀርባዬ ላይ ያረፈው ጉልበት ነው፤ አጥንቴ አይስተውም። ከዚያም ጃንጥላውን ቸብ ቸብ አድርጎ «አሁን ትናገራታለህ፣ ጎበዜ» አለው። ጃንጥላው ዝም አለ። እኔም ያኔ ዝም ብል ሁለት ጥርሴን አራግፎልኛል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ነው ያደግኩት፤ የወጋው ስለረሳ ይለቀቅ የሚለውን ግን ከእርስዎ ተማርኩ። እንግዲያው ክቡርነትዎ፣ ጭንቅላቱን ቤቱ ይላኩትና እጆቹ ይከሰሱልኝ፤ እነሱ ጤነኛ ናቸው።

ልጄ «አባዬ፣ ተው በቃ፣ ለሰው ሰጥተህ አየኸው፣ ለፈጣሪ ስጠው» ትለኛለች። እርስዎም እምቢ ቢሉ አልቀየምም። አንድ ቀን ፊትዎ ከቀረብኩ ግን ያንኑ ሐኪም እንዳይነፍጉኝ፤ እኔም አርጅቻለሁ፣ ቀኑን ሲጠይቁኝ የእናቴ ሰርግ ነው እላለሁ።

ከከፍተኛው ወንበርዎ ሥር፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

የሟች ባል፣ ከቀጠሮ ቀርቶ የማያውቅ ሽማግሌ።

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ራሴ የማወራርደው ዕዳ ይህ ነው። የባለቤቴ ቀኝ ትከሻ። የባለቤቴ ግራ ትከሻ። ሁለት ጥርስ። ከጎረቤቴ የተዋስኩት ገመድም አለ፤ እሱን ሥራው ሲያልቅ አጥቤ እመልሳለሁ።