ለኣደይ ባሕር የመረጥኳቸው ዓሦች

ሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን 2011

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልጻፈው። በ1990 ለፋሲካ ሰሞን ለባሌ ለተስፋይ «አርግዣለሁ» ያልኩት ውሸት ነበር።

እናቱን ሊያይ ምጽዋ ለመውረድ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ነበር። እዚያው ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ። ቃሉን ሲሰማ ሻንጣውን መልሶ ፈታ። «ስትወልጂ ሦስታችንም እንወርዳለን» አለ፤ ለእናቱም ወሬውን በመንገደኛ ላከላቸው። ብዙም ሳይቆይ ጦርነት ተነሣ። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ተቋረጠ። እኔም «ጨነገፈብኝ» አልኩት። አጽናናኝ። እናቱን ሳያይ ሞተ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ መንገዱ ሲከፈት ኣደይ (የተስፋይን እናት የምንጠራቸው እንዲህ ነው) በልጃቸው በለምለም ተደግፈው መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ እቤቴ በር ላይ ቆሙ። የተስፋይን መርዶ አስመራ ላይ ሰምተዋል። አልቅሰን ሳንጨርስ «ልጁስ? የልጄ ልጅ የት አለ?» አሉኝ። ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያሳድጉት ኖረዋል፣ በሐሳባቸው። «አረፈ» አልኩ። አንዲት ቃል። ከእሷ በኋላ ማስተባበያ አልነበረም።

ዛሬ ሳሎን ካለው የዓሣ ማኖሪያ መስታወት፣ ከአኳሪየሙ፣ ፊት ተቀምጠው ሳሉ ድንገት «ጓለይ (ልጄ ማለታቸው ነው)፣ የሕፃኑ የክርስትና ስም ማን ነበር?» አሉ። ዓርብ ጽዮን ማርያም ናት፤ ስሙን ለቄሱ ሰጥተው በቅዳሴ እንዲታሰብላቸው ነው። «ቆይ፣ አስታውሳለሁ» አልኩ። የልጇን ስም ቆይ ላስታውስ የምትል እናት አለች?

ስለ ዓሦቹ ልጻፍ፤ እሱ ይሻላል።

ኣደይ የሙቀት አገር ሰው ናቸው። መቐለ በረዳቸው። ጥቅምት ላይ እህል እምቢ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ያኔ ለምለም (ከምጽዋ እዚህ እየተመላለሰች ትነግዳለች) አንድ ሆቴል የጣለውን ትንሽ አኳሪየም ከነሞተሩና ከነማሞቂያው ጭና መጣች። የባሕር ውኃ በጀሪካን፣ የባሕር ድንጋይ፣ ኮራል የሚሉት፣ ባለ ብዙ ጣት፣ እንደ አበባ የሚከፈትና የሚዘጋ የባሕር ፍጥረትም አብሮ መጣ። ሁሉ ሲገባበት አንድ ጀሪካን ተኩል ውኃ ቢይዝ ነው። ኣደይ ቀና ብለው ተቀመጡ። ያን ቀን በሉ።

ዓሣ ግን አልነበረበትም። ዛሬ ለምለም በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጋ አመጣች። ቅዳሜ ስትመለስ የማይሆኑትን ትወስዳለች። መራጯ እኔ ነኝ፤ አብሮ የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ የማነበው እኔ ነኝና።

ማክሰኞ

መጽሐፉ እንደሚለው፣ ውኃው ትንሽ ሲሆን ዓሣውም ትንሽ፣ ጠባዩም ለስላሳ መሆን አለበት። የሚኖሩበት ቦታ ይለያይ። አንዱ አሸዋ ላይ፣ አንዱ ዋሻ ውስጥ፣ አንዱ መሐል ውኃ ላይ። ሁለቱ አንድ ዋሻ ከወደዱ አለቀ፤ ማምለጫ የለም።

ብርቱካናማዎቹ ባልና ሚስት፦ ውብ ናቸው፤ ግን ሲያድጉ መዳፍ ያክላሉ። ይመለሱ። እስከ ቅዳሜ በባሕር ውኃ ባልዲ ውስጥ ይቆያሉ፣ ከትንሿ የአየር ሞተር ጋር።

ሐምራዊው፦ ጣት አያክልም። የራሱን ዋሻ ካገኘ ማንንም አይነካም። ይቆይ።

ነጭና ጥቁር መስመር ያለው፣ ለምለም «ዜብራ» ያለችው፦ መጽሐፉ ጠበኛ ነው ይላል። «እሱንስ ተይልኝ» አሉ ኣደይ፣ «ተስፋይ በልጅነቱ ከወደቡ ሥር በነጠላዬ የሚያጠምደው እሱን ነበር።» ምን ልበል? ይቆይ።

አሸዋ ላይ የሚኖረው ከነጋምበሪው፦ ጋምበሪ የሚሉት ያንን ባለ ብዙ እግር፣ ጎባጣ የባሕር ፍጥረት ነው። ይቺኛዋ ዓይኗ ደካማ ነው። እሷ ጉድጓዱን ትቆፍራለች፤ ዓሣው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስትወጣ አንቴናዋን ከጀርባው አታነሣም። አደጋ ሲመጣ በጅራቱ ይነግራታል። ይቆዩ፣ ይቆዩ!

ስለ ብርቱካናማዎቹ ሳነብ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ሴቲቱ ስትሞት ባልየው ሴት ይሆናል። መዝገበ ቃላቱን ደግሜ ገለጥኩ፤ ያው ነው። ለኣደይ ስነግራቸው ምንም አልደነቃቸውም።

«ልጄ ከሞተ ወዲህ አንቺስ ወንድ ሆነሽ የለም? ጣሪያ ላይ ወጥተሽ ቆርቆሮ የምትመቺው ማን ሆነሽ ነው?»

ሳቁ። ከመጡ ጀምሮ ሲስቁ ዛሬ ገና ሰማሁ።

ጎረቤቴ አልጋነሽ ብቅ ብላ «በጾም ዓሣ ይበላል የሚሉ አሉ፤ ለዚህ ነው እንዴ?» አለች። ኣደይ ቀበል አድርገው «አንቺ ጥርስ መሐል ነው የሚቀሩት፤ ሂጂ ሽሮሽን ብዪ» አሏት።

የመስታወቱ ውኃ ሁለት ጣት ጎድሏል። ማሞቂያው ይመስለኛል። የባሕሩ ውኃ ለባልዲው አልቋል። ገበያ ወርጄ አሞሌ ገዛሁ፤ ወቅጬ በንጹሕ ውኃ አሟሟሁና ሞላሁት። መቐለ ላይ ሌላ ነገር ይቸግር ይሆናል እንጂ ጨው አይቸግርም። በራሴ ኮራሁ።

ረቡዕ

ኣደይ ለሐምራዊው ስም አወጡለት። «ሕፃኑ» ይሉታል። ሕፃኑ በላ ወይ? ሕፃኑ ከዋሻው ወጣ ወይ? ሲመሽ እንዳይበርደው ብለው መስታወቱን በጋቢያቸው ይሸፍኑታል፤ ራሳቸው በነጠላ ይተኛሉ። 

ስሙን እንደገና ጠየቁኝ። «የክርስትናውን ወረቀት እየፈለግኩ ነው» አልኩ። የምን ወረቀት?

ከሰዓት በኋላ ኮራሉ ተዘግቶ አገኘሁት። ሕፃኑ (ይኸው እኔም አልኩት) ጥግ ላይ ተለጥፎ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ዜብራው በላዩ ይዞራል። እሱ ነው አልኩ። መጽሐፉ ጠበኛ ብሎት የለ? በወንፊት አውጥቼ ብርቱካናማዎቹ ካሉበት ባልዲ ጨመርኩት። «ምን አደረገ?» አሉ ኣደይ። «ያሳድደዋል።» «አይተሻል?» «አላየሁም፤ ግን እሱ ነው።»

ውኃው ዛሬም ጎድሎ ነበር። አሞሌ አሟሙቼ ሞላሁ።

ሐሙስ

ሕፃኑ ሞተ።

ኣደይ ሳያዩ ላወጣው ስል ደረሱብኝ። መዳፋቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ። ሲያዩት ቆዩና ቀስ ብለው «ሁለተኛ ሞተብኝ» አሉ። ለቅሶ አልነበረም፤ እንዲሁ፣ ቆጥረው እንደሚናገሩት ነገር ነው ያሉት።

ከዚያ ጣታቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው ቀመሱ። ተፉት!

«ይሄ ባሕር አይደለም! ይሄ ኣርሆ ነው!» ኣርሆ ግመሎቹ ጨው የሚጭኑበት በረሃ ነው። «ባሌ ዕድሜውን የጨረሰው ምጽዋ ጨው ሲያወጣ ነው። ፀሐይ የምትወስደው ውኃውን ነው፤ ጨውማ የት ይሄዳል? እዚያው ይቀራል። የጎደለው የሚሞላው በሚጠጣ ውኃ ነው። ማን ነው ጨው የጨመረበት?»

አፌ ላይ የመጣው «ለምለም ናት» የሚል ነበር። ሳልጠራው፣ ተዘጋጅቶ፣ ከነማስረጃው መጣ። ከዓሣው ሞት ይልቅ ያስደነገጠኝ ይኼ ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ አሁንም እንዲህ ፈጣን ነኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ኣደይ ወደ ባልዲው አዩ። «እንግዲያ ያሰርሽውን ፍቺው» አሉ። ዜብራውን ረስቼው ነበር። ባልዲው ውስጥ ከብርቱካናማዎቹ ጋር በሰላም ይዋኛል። አንዳቸውም አልተነኩም።

ቀኑን ሙሉ ከጨዋማው በኩባያ እየቀነስኩ ንጹሕ ውኃ ጠብ ጠብ ሳደርግ ዋልኩ፤ ኣደይ እየቀመሱ። ሲመሽ የአሸዋው ዓሣ በሩ ላይ ብቅ አለ። አንቴናዋም ከኋላው። ተርፈዋል። ኮራሉ ግን እንደተዘጋ ነው።

ዓርብ፣ ጽዮን ማርያም

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ኣደይ ሲሄዱ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ያደርጋሉ፤ ጉድጓድ ሲኖር እኔ እቆማለሁ፣ እሳቸውም ይቆማሉ። በሩ አጠገብ ስንደርስ፣

«ጓለይ፣ እኔ ሦስት ልጅ ቀብሬአለሁ። ያልቀበርኩት ተስፋይ አራተኛ ነው። ስማቸው ከአፌ ጠፍቶ አያውቅም» አሉ።

ያውቃሉ? ወይስ ሐዘናቸውን መናገራቸው ነው? ወደ ቄሱም አልሄዱም። ከሴቶቹ መሐል ቆመው አስቀድሰው ተመለስን። እጃቸው ትከሻዬ ላይ እንዳለ ነበር። ልነግራቸው ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዱን ጊዜ ስለ ፀሐዩ ተናገርኩ፤ ሌላውን ጊዜ ስለ ጫማቸው።

እቤት እንደደረስን ለምለም ከሓወልቲ ደወለች፤ ነጋዴዎቹ የሚያርፉት እዚያ ነው። «አስካለ፣ ድንበሩ ላይ፣ ዛላምበሳ፣ ወረቀት መጠየቅ ጀምረዋል ይላሉ። መንገዱ ሊዘጋ ነው የሚልም አለ። ኣደይን ነገ ይዣቸው ልሂድ?»

«ብርድ መቷቸዋል» አልኩ። «አልጋ ላይ ናቸው። በሚቀጥለው ይሻላል።»

ኣደይ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆመው ከአልጋነሽ ጋር ይስቃሉ! ድምፃቸው በስልኩ እንዳይገባ አፉን በእጄ ሸፍኜዋለሁ። ያን እጄን አየሁት። ያኔ ተስፋይን አስቀረሁ፣ አሁን እናቱን። ያው መንገድ፣ ያው አፍ። አኳሪየሙም ለእሳቸው ነው ስል ነበር፤ ባሕራቸውን ሳሎኔ ውስጥ ካገኙ አይሄዱም ብዬ ሳይሆን ይቀራል?

ትንሽ ቆይተው ገቡ፤ ስለ ስልኩ አያውቁም። «የሕፃኑን ስም አትድከሚ፣ ስታስታውሺ ለለምለም ስጫት» አሉ። «መንገዱ ካደረሰኝ ለታኅሣሥ ገብርኤል፣ ተስፋይ የተጠመቀበት ቤተ ክርስቲያን አስጠራዋለሁ።» መሄድ ይፈልጋሉ ማለት ነው። አልጠየቅኳቸውም ነበር።

ለምለም ጋ መልሼ ደወልኩ። «ዋሽቼሻለሁ። ደኅና ናቸው። ነገ መኪናው ላይ ቦታ ያዢላቸው።»

«አንቺ? አንቺ ደግሞ መዋሸት ከመቼ ወዲህ ነው የቻልሽው?» ብላ ሳቀች።

ቅዳሜ

መኪናው በር ላይ ነው። ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። በችኮላ ልጨርስ።

ዜብራውና ብርቱካናማዎቹ ጠርሙስ ውስጥ ገብተዋል፤ ለምለም ከወደቡ ሥር ትለቃቸዋለች። የአሸዋው ዓሣና ጋምበሪዋ ከእኔ ጋር ይቀራሉ። ልጨምራቸው ስል ኣደይ ከለከሉኝ። «ቤታቸውን ቆፍረው ጨርሰዋል፤ አታፈናቅያቸው። አንቺም የሚጠብቅሽ ይኑር።» መስታወቱ ላይ የውኃውን ልክ በክር አሰሩልኝ። እስከዚህ፣ በሚጠጣ ውኃ ብቻ። ጋቢያቸውንም ለመስታወቱ ተዉለት። ዛሬ ጠዋት ከኮራሉ አንዷ ጣት ተከፍታለች። አንዷ ብቻ። ሌሎቹ ይከፈቱ አይከፈቱ አላውቅም።

ኣደይ ጫማቸውን አድርገዋል። እጃቸው አሁን የለምለም ትከሻ ላይ ነው።

በአፌ ለምን አልነገርኳቸውም? አንደኛው ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ሌላውም እውነት ነው፤ በእኔ ቤት፣ የእኔን እንጀራ እየበሉ ሊረግሙኝ ይቸገራሉ። በራሳቸው ደጃፍ፣ በራሳቸው ሙቀት፣ ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው የፈለጉትን ይበሉኝ። ከዚያ በኋላ በእኔና በእሳቸው መሐል ያለው መንገድ ቢከፈትም ባይከፈትም ፈቃዱ የእሳቸው ነው።

ለምለም «ስሙስ? ስጪኝ እንጂ፣ ኣደይ አደራ ብለዋል» ብላ እጇን ዘርግታ ቆማለች። ለቄስ የሚሰጥ ስም የለኝም፤ አልነበረምም። የምሰጣት እነዚህን ገጾች ነው። ለምለም በልጅነቷ በአማርኛ የተማረች ናት፤ ለኣደይ ታነብላቸዋለች፤ ምጽዋ ገብተው፣ ከገብርኤል በፊት፣ በትግርኛ። አንባቢዋ እሷ ናት፤ የተጻፉት ግን ለኣደይ ነው።