ለግመለኞቹ የተረጎምኩት ቃል

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለከራማ ሙባረክ፣ ሞምባሳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ያ የጉልበትህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ሙዝናስ ከአራስነት በደህና ወጣች? ሕፃኑስ ጠናላችሁ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ልቤ ግን ደህና አይደለም። ወሬውን ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ልንገርህ ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

ከወደቡ እስከ ሸለቋችን የመኪና መንገድ ሊወጣ ነው መባሉን ሰምተሃል። አምና እንግሊዞቹ ስለዚሁ ለመምከር የኛን ሽማግሌዎችና የላይኞቹን ጎረቤቶቻችንን አንድ ድንኳን ውስጥ ሰበሰቡ። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። አባባ ከፊት ተቀምጠው፣ አፌን በከፈትኩ ቁጥር አጠገባቸው ላለው ሰው "የኔ ልጅ እኮ ነው" ይላሉ።

ኋላ ተነሡና "መኪናው ቴምሩንና ደረቁን ዓሣ ከጫነ የኛ ግመል ምን ሊጭን ነው? ልጆቻችንስ ምን ይብሉ?" ብለው ጠየቁ። እንግሊዛዊው ሹም ከባልደረባው ጋር ተንሾካሾከ። ሰማሁት፤ "ለማሠልጠኛ የሚሆን በጀት የለም፤ ወደፊት እናስብበታለን" ነው ያለው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ "ልጆቻቸው ሾፌርነትና መካኒክነት ይማራሉ በላቸው። ዛሬ ሳይፈርሙ እንዳይወጡ" አለኝ። አልኳቸው። እንዲያውም "ሠላሳ ልጆች፣ መንገዱ ሳያልቅ!" ብዬ ከራሴ ጨመርኩበት። የእንግሊዞቹ መሥሪያ ቤት ካርቱም ልኮ ሊያስተምረኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ይህንን ላንተም ደብቄሃለሁ።

አባባ አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው ወረቀቱ ላይ አተሙ። የጎረቤቶቻችን ሽማግሌም "ሙባረክ ካተመ እኛ ምን ቀረን" ብለው ተከተሏቸው።

መንገዱ አለቀ፤ መኪኖቹ መጡ። ሾፌሮቹ ሁሉ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ከሸለቆው አንድም ልጅ መሪ አልጨበጠም። ጎረቤቶቻችን "በልጃችሁ አፍ አታለላችሁን" ብለው ግመሎቻችንን ከውኃ ጉድጓዳቸው መለሷቸው። ስድስቱ በውኃ ጥም አለቁ።

ባለፈው ወር ሹሙ እኛንና ጎረቤቶቻችንን ሰብስቦ "ጎረቤታሞች ናችሁ፣ ታረቁ" እያለ ይመክር ጀመር። አባባ ተነሡ። ሹሙን አላዩትም፤ እኔን ነው ያዩኝ። "ሠላሳ ልጆች ብሎ የተናገረው እሱ ነው ወይስ አንተ?" አሉኝ። ሹሙ "ምን አሉ?" እያለ ይወተውተኛል። አልተረጎምኩለትም። "እኔ ነኝ፣ አባባ። እሱ እናስብበታለን ብቻ ነው ያለው" አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አባባም "በእንግሊዝኛ ብትዋሸኝ ኖሮ አልሰማህም ነበር። በእናትህ ቋንቋ ዋሸኸኝ" ብለውኝ ወጡ።

በማግስቱ ከሥራ ተባረርኩ፤ ካርቱምም በዚያው ቀረ። አሁን ወደብ ላይ ጆንያ እሸከማለሁ። የጎረቤቶቻችን ሽማግሌ እውነቱን ከሰሙ ወዲህ ጉድጓዱን መልሰው ከፍተውልናል፤ ግን የሚጠጡት ግመሎች ጥቂት ናቸው፣ ጭነትም የላቸውም። ለዒድ ቤት ሄጄ ነበር። አባባ በሩን አላስከፈቱልኝም፤ እማማ ሳህኑን በመስኮት አቀበለችኝና ቆሜ በላሁ።

ለሙዝና ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሕፃኑን እማማ "በኔ ስም ሳሙት" ብላለች። ሱቅ አብሮህ ለሚሠራው ለአጎታችን ለማሕፉዝም ሰላም በልልኝ፤ ከፈለግህ ይህን ሁሉ ንገረው።

አስታርቀኝ አልልህም። ተቆጥተህ ጻፍልኝ፣ ስደበኝም። ብቻ አንተም ዝም እንዳትለኝ።

ታናሽ ወንድምህ ዩስሊም
ሙከላ፣ ዙልሒጃ 1373 ዓመተ ሂጅራ