ሃያ ደቂቃ ካልተነካ ይረፍ

ይድረስ ለምወድህ ለወንድምጋሼ ለደሳለ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህን ጠፍንጎ የያዘህ ሕመም ለቀቀህ ወይ? የእግርህ እብጠትስ ጎደለ? ደሴ ስትሄድ እምዬ ትከሻህ ላይ ጣል ያደረገችው ጋቢ ይበቃሃል ወይስ ያለህበት ብርድ ይጸናል? እዚህ ክረምቱ ወጥቷል። ጠዋት ጠዋት ከአሸተን ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጀምሯል፤ የፎቶ ቤትህን ማስታወቂያ እንደ አምናው ያንኳኳዋል።

እኛ ደህና ነን። እምዬ ደህና ናት፣ ትንሿ እህታችን የትናየትም ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልህ መልስ ጠብቄ አይደለም። አርባህ ከወጣ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ነገር ግን ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ለሕክምና ስትሄድ፣ መኪናው ውስጥ ሆነህ፣ የሳጥኑን ነገር እየጻፍክ ላክልኝ ብለኸኝ ነበር። አንድም ቀን አልጻፍኩም። ሁለት ሳምንት ቆይተህ ትመለሳለህ፣ ያኔ በአፌ እነግርሃለሁ ብዬ ነው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ተመለስክ፤ ግን የሳጥኑን ነገር የምትጠይቀኝ ሆነህ አልነበረም። ስለዚህ አሁን እጽፋለሁ።

ሳጥኑ አንተ ባስቀመጥክበት ነው፤ ከሰማያዊው የፎቶ መጋረጃ ጀርባ፣ ከአልጋችን ራስጌ፣ መደርደሪያው ላይ። ሁለቱ ዲስኮች ውስጡ አሉ። ኮምፒውተሩም ስልኮቹም በዋይፋይ የሚልኩለትን ፎቶና ቪዲዮ እንደ ድሮው ተቀብሎ ያስቀምጣል። የለጠፍክበት ወረቀትም አልተነሳም፦ «ሃያ ደቂቃ ካልተነካ ይረፍ» ይላል። ሴቲንጉ ላይ በእንግሊዝኛ ያለውን ቃል ማረፍ ብለህ የተረጎምከው አንተ ነህ። እኔ መተኛት እንበለው ስልህ፣ የሚተኛማ ያንኮራፋል፣ ይሄ ግን ጭራሽ መዞሩን ያቆማል፣ ስለዚህ ያርፋል ብለህ ሳቅክብኝ።

ያስተማርከኝን አልረሳሁም። ዲስኩ ሥራ ሲያጣ በከንቱ ከሚዞር ቢያርፍ ይሻላል፤ አይሞቅም፣ መብራት ሲጠፋም ባትሪው ይቆይለታል። ነገር ግን ከቆመበት በተነሳ ቁጥር ይጎዳል። ቶሎ ቶሎ እያሳረፉ ቶሎ ቶሎ መቀስቀስ ጨርሶ ካለማሳረፍ የባሰ ነው። ለዚህ ነበር ስንት ጊዜ እንደተነሳ ከሳጥኑ እያየህ በየቀኑ በደብተር የምትጽፈው። የመጨረሻው መስመርህ «ነሐሴ 9፣ 6,212» ይላል። ከዚያ በታች ባዶ ነው። ያ ባዶ የእኔ ነው።

መስከረም ሠላሳ ቀን መሪጌታ ደባሱ ከገነተ ማርያም መጡ። ገጽ በገጽ ያነሳህላቸው የብራና መጽሐፍ ቀለሙ እየለቀቀ ስለሄደ፣ ከፎቶው እያዩ ሌላ ሊያስገለብጡ ፈልገዋል። ፎቶውን ልከፍትላቸው ስል ኮምፒውተሩ ደርቆ ቆመ። ወዲያው ሳጥኑ ውስጥ ያ የምታውቀው ድምፅ ተሰማ፤ መጀመሪያ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ እየቀጠነ ሽቅብ ይወጣል። መሪጌታ ደንግጠው፣ ተበላሸ እንዴ ልጄ አሉኝ። እኔም ጆሯቸው ስለማይሰማ ጮክ ብዬ፣ የለም የኔታ፣ አርፎ ነው፤ አሁን ይነሳል አልኳቸው።

እምዬ ጓዳ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋውን እንደያዘች መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ማነው የሚነሳው አለች። ደግማ፣ ኪዳን፣ ማነው የሚነሳው አለች። መሪጌታ ከመቀመጫቸው ተነሱና ቢላዋውን ከእጇ ቀስ ብለው ወሰዱ። ዲስኩ ነው ብርቅዬ፣ ዕቃው ነው አሏት። እሷም፣ አሃ፣ ዕቃው ነው አለች። ትንሽ ቆማ ተመልሳ ገባች። ቢላዋው መሪጌታ እጅ ቀርቶ ነበር፤ የት እንደሚያስቀምጡት ጨንቋቸው ኮምፒውተሩ አጠገብ አጋደሙት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማረፍ የሚለውን ቃል በቤታችን የሚያነሳ የለም። የትናየት ሳጥኑ ተኛ ትላለች። እኔ ቆመ እላለሁ። ወረቀትህን ግን አላነሳሁትም፤ እምዬ ፊደል ስለማትለይ ግድ የለውም ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ደብተርህን አውጥቼ ቁጥሩን አየሁ። 7,940 ይላል። አንተ እያለህ በቀን አራት አምስት ጊዜ ነበር የሚነሳው፤ አሁን መብራት ሳይቋረጥ በዋለባቸው ቀናት አርባ ስምንት ጊዜ ይነሳል። ከሁለተኛው ዲስክ ስም ጎን ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ወጥቷል። እሱ ሲሞት ሁሉም ነገር አንዱ ዲስክ ላይ ብቻ ይቀራል፤ ያም እኩያው ነው፣ እኩል ነው የደከመው። የመሪጌታ ፎቶ ሌላ ቦታ የለም። የአሥራ አንድ ቤት ሠርግም ሌላ ቦታ የለም።

ወልድያ ኤሌክትሮኒክስ ለሚሸጠው ጓደኛህ ለሙሐዲን ደወልኩ። ቁጥሩን ስነግረው፣ እኛ እንኳ ለሶላት የምንነሳው በቀን አምስት ጊዜ ነው፣ የናንተ ሳጥን አርባ ስምንት ጊዜ የሚነሳው ምን ኃጢአት ቢኖርበት ነው አለኝ። ሳቅኩ። እሱም ሳቀና መሐል ላይ ተወው። ከዚያ፣ ዲስክ በራሱ አይነሳም፣ የሚቀሰቅሰው አለ፣ ማን እየገባ እንደሚወጣ መዝገቡን ክፈትና አንብብልኝ አለ። ከፈትኩና አነበብኩለት። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ዓይነት መስመር ነው፤ «የደሳለ ስልክ» ይላል፣ ከላይ እስከ ታች። ሙሐዲን፣ በቃ፣ በቃ፣ ገባኝ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክህ ያነሳኸውን ፎቶ ሳጥኑ ውስጥ ለማስቀመጥ በየግማሽ ሰዓቱ ሳጥኑን ይጠራል። አዲስ ፎቶ ኖረም አልኖረም ይጠራል። ሳጥኑ መልስ ለመስጠት ዲስኮቹን ያስነሳል። ሃያ ደቂቃ ጠብቆ የሚነካው ሲያጣ ያቆማቸዋል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስልኩ እንደገና ይጠራል። አንተ ቀን ሥራ ላይ ስለምትሆን ዲስኮቹ እንደዞሩ ይውሉ ነበር፤ ስትተኛ ደግሞ ስልክህን ታጠፋው ነበር። ለዚህ ነው ያልታየን።

እኔ ስልክህ ባትሪው አልቆ ከልብስህ ጋር የታሰረ መስሎኝ ነበር። እምዬ ትራስ ሥር ነበር። ከደሴ ከመጣ ጀምሮ መብራት በመጣ ቁጥር ቻርጅ ታደርገዋለች።

ሙሐዲን፣ ስልኩን አጥፋው፣ እናትህ እንቢ ካለች ደግሞ ከሳጥኑ ላይ ስሙን ሰርዘው፣ እሷ አታውቅም አለኝ። ገጹን ከፈትኩ። ስምህ አለ፣ ከጎኑ ሰርዝ የሚል አለ። ባለፈው የዕድር መዝገብ ላይ ስምህ ላይ መስመር አስምረውበት አይቼ ነበር። ይሄኛውን አልነካሁም። ለእምዬ ነገርኳት። ስልኩ ሳጥኑን እያደከመው ነው፣ የሰው አደራ ሊጠፋብን ነው አልኳት። እኔ ምን አደረግኩት፣ ሲበራ ማየት ነው እንጂ አለች። በየግማሽ ሰዓቱ ፎቶ ለመላክ ሲሞክር የስልኩ መስተዋት ይበራል፤ ያንን ነው የምታየው። አታጥፋብኝ አለችኝ፤ እሺ አልኳት።

ስለዚህ ጥቅምት አንድ ቀን ሴቲንጉን «በጭራሽ» የሚለው ላይ አደረግሁት። ከማስነሳት ይሻላል ብዬ ነው። አምስት ቀን ሳይቆሙ ዞሩ። መብራት ሲጠፋ አርባ ደቂቃ ይይዝ የነበረው ባትሪ ሃያ አምስት ላይ መጮህ ጀመረ። ሳጥኑን ስትነካው ይሞቃል። የመሪጌታን ፎቶ ሙሐዲን በአውቶቡስ በላከልኝ ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጥኩት፤ መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ እንደ አዲስ ጀመርኩ። የሠርጎቹን ግን ቦታው አልበቃም። አንድ ሌላ ዲስክ ከአዲስ አበባ ይመጣል ብሏል፤ መቼ እንደሆነ አላወቀም። እስከዚያ ቢጫው ሊሞት ይችላል። ለእምዬ ደግሜ አልነገርኳትም።

ትናንት ሐሙስ አክስታችን ወለተ ሩፋኤል እምዬን ለአንድ ሳምንት ብልባላ ልትወስዳት መጣች። አልጋውን እያየች ከምትውል እኔ ጋ ትቀመጥ ብላ ለአርባህ ጊዜ ተናግራ ነበር። የትናየትም ከመምህሯ አስፈቅጄላት አብራ ሄደች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለሆንኩና ሰኞ ፈተና ስላለብኝ ቀረሁ።

እምዬ ከበር ከወጣች በኋላ ተመለሰች። ስልክህን ከጉያዋ አወጣችና የትናየትን፣ እንዴት ነው የሚጠፋው አለቻት። የትናየት አየችኝ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅኩላት። ጣቷን ይዛ ቁልፉ ላይ አስጫነቻት፤ እምዬ ቶሎ ስለለቀቀችው አልጠፋም፣ ደግመው ተጫኑት። ከዚያ ጠቆረ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው። ወረቀትህን እያየች፣ ይሄ ምን ይላል አለችኝ።

ያን ቃል ልዘለው ብዬ ነበር። ግን የእጅህ ጽሑፍ ስለሆነ እንዳለ አነበብኩላት። ሃያ ደቂቃ ካልተነካ ይረፍ አልኳት። እሱ ነው የጻፈው አለች። እሱ ነው አልኳት። እንግዲያ ይረፍ አለችና ወጣች። ወለተ ሩፋኤል መኪናው ሊያመልጠን ነው እያለች ትጣራ ነበር።

ሁሉም ሰላም ብለውሃል። እምዬ በምን ቃል እንደሆነ አላውቅም እንጂ ሰላም ትልሃለች። የትናየት ጥርሷን መንቀሏን ንገረው ብላለች፤ የታችኛው ነው። መሪጌታ ደባሱ በቅዳሴ ስምህን እንደሚያነሱ ነግረውኛል። ሙሐዲን አላህ ይዘንለት ብሏል፤ የሶላቱን ቀልድም ጨምረህ ጻፍለት ስላለኝ ጽፌዋለሁ። ወለተ ሩፋኤልም እንደምን ነህ ብላሃለች።

የቀረኝ የዛሬ ጠዋቱ ነው። ሴቲንጉን ትናንት ወደ ሃያ ደቂቃ መልሼው ነበር። ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስነሳ ቤት ውስጥ ማንም የለም፣ የሚሰማም ነገር የለም። አልጋዬን አነጠፍኩ፤ የአንተ በኩል ስላልተነካ ሥራው ግማሽ ነው። ትናንት የቀረ ዳቦ በሻይ በላሁ። ከዚያ ደብተርህን አወጣሁና «ጥቅምት 7» ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩን ለማየት የሳጥኑን ገጽ መክፈት ያስፈልጋል፤ ገጹ ሲከፈት ደግሞ ዲስኮቹ ይነሳሉ። አንተ በየቀኑ ስታይ አንድ አንድ ትጨምርባቸው ነበር ማለት ነው፤ ይህን ልነግርህ ብዬ ነበር። እጄን ሳጥኑ ላይ ጫንኩት፣ ቀዝቅዟል። በቁጥሩ ቦታ «አልተነካም» ብዬ ጻፍኩና ፎቶ ቤቱን ቆልፌ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ታናሽ ወንድምህ ኪዳን
ላሊበላ
ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.