የቢዮ አዋሌ ወላጆች ቃል በአንተ አንደበት

አስፍዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ሙት ዓመትህን አውጥተናል። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ጽፌ ቆም አልሁና ራሴን ጠየቅሁ፤ እውነት ደህና ነኝ? አዎ፣ ባብዛኛው። እተኛለሁ፣ እበላለሁ። በሩን ግን ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴ ሦስት ጊዜ ተነስቼ መቆለፉን አያለሁ። ድሮ የምትነሳው አንተ ነበርህ፤ እኔ ነበርሁ የምስቀው።

ሰፈራችን ከዚራ ያው ነው። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ደጃችን ያለውን የኒም ዛፍ ለመብራት ሽቦው ብለው ግማሽ ቅርንጫፉን ስለቆረጡት፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሳሎን ድረስ ትዘልቃለች። ወንበርህን ከፀሐይዋ ፈቀቅ አደረግሁት። ለማን ብዬ እንደሆነ አላውቅም።

ልነግርህ የፈለግሁት ግን ሌላ ነው። ዙሪያውን እየዞርሁ ነው። አንተን መሰልሁ።

ነገሩ ስለ ቦርዱ ነው። አንተና አምስቱ ሰዎች፣ እነሱ በየአገራቸው፣ አንተ እዚህ፤ ያለ ደመወዝ፣ ከየሥራችሁ በተረፈ ሰዓት፣ ከድሬዳዋ ወጣ ባለችው በቢዮ አዋሌ ያለችን አንዲት ትምህርት ቤት የሚረዳ ትንሽ ድርጅት ታስተዳድሩ ነበር። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ትሰበሰባላችሁ። ከላይ ኮትና ከረባት፣ ከታች ሽርጥ። ቬንትሌተሩ ይጮኻል ብለህ ታጠፋዋለህ፤ እኔ ካሜራው ከማያየኝ ወለል ላይ ተቀምጬ በካርቶን አራግብልሃለሁ። አንድ ቀን ሰብሳቢያችሁ ማርያን፣ ያቺ ጡረታ የወጣች ርእሰ መምህርት፣ ከረባትህ ሲወዛወዝ አይታ ድሬዳዋ ነፋሻ ነው እንዴ ብላ ጠየቀችህ። አንተም ኮስተር ብለህ፣ አዎን ዛሬ ጥሩ ነፋስ አለ አልሃት። አፌን በነጠላዬ አፍኜ ልሞት ነበር።

ከስብሰባው በፊት ባለው ሐሙስ ደግሞ ቢዮ አዋሌ ትሄድ ነበር። ከወላጆቹ ጋር ግራር ሥር ተቀምጠህ የሚሉትን በኦሮምኛ ትሰማለህ፣ በደብተርህ በአማርኛ ትጽፋለህ፣ ቅዳሜ ለቦርዱ በእንግሊዝኛ ትነግራለህ። ሦስት ቋንቋ፣ አንድ ሰው። ኮርቼብህ ነበር። አሁንም እኮራለሁ። ቆይ፣ ልጨርስ።

ካለፍህ በኋላ ማርያን ጻፈችልኝ። ወንበርህ ሰው እስኪያገኝ አንቺ በእሱ ቦታ ወላጆቹን አነጋግሪልን አለችኝ። ኦሮምኛው ከመጋላ ሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት የለመድሁት ነው፤ እንግሊዝኛው የነርስ፣ የጤና ጣቢያ ነው። እሺ አልሁ። ፈራሁ ግን እሺ አልሁ።

የመጀመሪያው ሐሙስ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ አዴ ፋጡማ እጄን በሁለት እጇ ይዛ አላቀሰችኝ። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ አስፋው ወንድሜ ነበር፣ ወላሂ ወንድሜ፤ ግን ሦስት ዓመት አንድ ነገር ነገርነው፣ ሦስት ዓመት ካርቶን መጣልን አለች። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልገባኝም።

ነገሩ የምስጋና ደብዳቤው ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ ልጆቹ ሁሉ ውጭ አገር ላሉት ለጋሾች ይጽፋሉ። ፊደሉ እስኪያምር፣ ወረቀቱ እስኪጠራ፣ ደግመው ደጋግመው። በየጊዜው ሁለት ሳምንት ትምህርት ይቆማል። ወላጆቹ ያሉህ ይህን ነው፦ ልጆቻችንን የላክነው ሊማሩ ነው እንጂ ሲያመሰግኑ ሊውሉ አይደለም፤ ይቅርብን።

ቤት ገብቼ ደብተርህን ከፈትሁ። በቀኝ ገጽ ያሉህ ሁሉ አለ፣ በአማርኛ፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል፣ አዴ ፋጡማ ንዴት ላይ ስትሆን የምትለው «አቦ» እንኳ ሳይቀር። በግራው ገጽ ለቦርዱ የምትናገረው በእንግሊዝኛ አለ፤ ወላጆች ልጆቻቸው ለንባብ ሰፋ ያለ ጊዜ ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል።

ቦርዱ እንዴት ደስ አይለው! ማንበብ ከወደዱማ ብለው አንድ ካርቶን መጽሐፍ ላኩ። ልጆቹ ለመጽሐፉም ምስጋና መጻፍ ነበረባቸው። ወላጆቹ ይበልጥ ተቆጡ። አንተ ይበልጥ ትሁት ሆንህ። የንባብ ፍላጎት እየጨመረ ነው ብለሃል በሚቀጥለው ገጽ። ሁለተኛ ካርቶን። ሦስተኛ ካርቶን።

ብቻዬን ሳቅሁ፣ አስፍዬ። እንደዚያ ከሳቅሁ ቆይቻለሁ። ከዚያ ሳቄ ሄደ።

ለምን እንዳደረግኸው አውቃለሁ። ልጃችን ስትከተብ እኔ እናቷ፣ ነርሷ፣ ያማል አልኋት፤ አንተ ትንኝ ናት አልሃት። አንድ ሳምንት ትንኝ ባየች ቁጥር አለቀሰች። ሰው ፊትህ ሲከፋው ማየት አትችልም። እነዚያም ሰዎች ደጎች ናቸው፤ ከሥራ ደክመው ገብተው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ አይተዋት ስለማያውቋት መንደር ልጆች ሲጨነቁ ይውላሉ። እንዲህ ያለን ሰው ደግነትህ ልጆቼን አደከመ ብሎ መንገር ቀላል አይደለም። ይሉኝታ ያዘህ። ይሉኝታ ሦስት ዓመት ያዘህ።

ይህን ብቻዬን ይዤ ልኖር እችል ነበር ይሆናል። ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ማርያን በደስታ እየቀላች አንድ ሐሳብ አቀረበች። ልጆቹ ደብዳቤ የሚጽፉበት ቀን በስምህ ይሰየም። የአስፋው ቀን። ሁሉም እጅ አወጡ። እኔ አንድ ወር ስጡኝ አልሁ።

ያ ወር። ዝም ብል ስምህ በኮምፒውተሩ ውስጥ ይከበራል፣ ግራሩ ሥር በዓመት ሁለት ጊዜ ይረገማል። ብናገር ክብርህን በገዛ እጄ አወርደዋለሁ፣ መልስ መስጠት በማትችልበት ጊዜ። ቤት ስጠርግ ስጣላህ ዋልሁ። ተናገር አልሁህ። ቀድሞ መናገር ያንተ ነበር።

በወሩ አዴ ፋጡማን ይዣት መጣሁ። ወንበርህ ላይ ተቀመጠች። የአምስቱን ፊት አንድ በአንድ አየችና፣ እነዚህ ናቸው? ሽማግሌዎች ናቸው እኮ፣ ምስኪኖች አለች። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ ረጅም፣ እጇን እያወናጨፈች። ጨርሳ ወደ እኔ ዞረች። አፌን ስከፍት የወጣው ያንተ ድምፅ ነበር። ወላጆች በጣም አመስጋኞች ናቸው፣ ምናልባት ቢቻል...

አዴ ፋጡማ ጉልበቴን መታ አደረገችኝ። አቦ፣ እኔ ይህን ያህል አውርቼ በእንግሊዝኛ ይችን ታክላለች? የባልሽን ወንፊት ወረስሽ እንዴ አለችኝ።

እንደገና ጀመርሁ። እንዳለችው ነገርኋቸው፤ ደብዳቤው፣ የሚቆመው ትምህርት፣ ካርቶኑ። ደብተርህን ሁለቱንም ገጽ አነበብሁ። ደብዳቤዎቹን ለለጋሾች የሚያሳየው የቦርዱ አባል፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ ደብዳቤው ከቀረ ሰዎች ይረሱናል አለ። ተረጎምሁላት። ልጄ ስታነብ መጥተው ይስሟት፣ ማንበቧ ምስጋና አይሆናቸውም ወይ አለች።

ማርያን አስፋው ይህን ያውቅ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያውቅ ነበር አልሁ። ሁለት ቃል። ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ የከበደኝ ቃል የለም።

እሷም ደብተሩ ላይ ሌላስ ምን አለ፣ ሁሉንም አንብቢልን አለች። ፀሐይዋ ከሳሎኑ እስክትወጣ አነበብሁ።

ደብዳቤው ቀርቷል፣ አስፍዬ። ጥርስ ሐኪሙ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ፤ እስካሁን ትንሽ ቅር ብሎታል፣ ግን አልሄደም። ቀኑም በስምህ አልተሰየመም፤ እኔ ነኝ የለመንኋቸው። አሁን ወንበርህ የአዴ ፋጡማ ነው። እኔ አስተረጉማለሁ፣ በረጅሙ።

የስብሰባው ዕለት አዴ ፋጡማ አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል፣ ባሌን አዋረድሁት ይሆን ብዬ ጠየቅኋት። አስፋውማ ፈሪ ነበር አለች ነጠላዬን እያስተካከለችልኝ፤ ግን በየወሩ የሚመጣ ፈሪ ነበር፣ የማይፈሩት አንድ ቀንም አልመጡም።

ይህን ይዤ ነው ወደ ቤት የገባሁት። ያን ማታ በሩን አንድ ጊዜ ብቻ ቆለፍሁ፣ ተኛሁም።

አልረሳህም፣ የኔ ዓለም። ግን አላጣፍጥህም። ልጃችን ስትጠይቀኝ፣ አንድ ቀንም የልጅ ልጆቻችን ሲጠይቁኝ፣ ፍርሃትህን ከነመንገድህ እነግራቸዋለሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ የሄድኸውን፣ በቀኝ ገጽ የጻፍኸውን፣ በግራው ያልደፈርኸውን። ማንም ባያሳምርህም እኔ እንዲያው ሙሉህን እወድሃለሁ።

ያንተው፣
አልማዝ